ውሻዎ ማርገዟን ለማወቅ፦ ከስሪያው ቀን እስከ መውለጃው ሳምንት

አንዳንዱ ሰው ውሻዬ አርግዛለች ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ሲቀልባት ቆይቶ አንድም ቡችላ ሳያይ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ ወፍራለች ብሎ ሲያልፋት ከጎተራው ሥር ወልዳ ያገኛታል። ሁለቱም የተሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ የተመለከቱት ሆዷንና ጡቷን ብቻ ነበር። በውሻ ዘንድ ሆድና ጡት ብቻቸውን ምስክር አይሆኑም፤ ምክንያቱም ድራት፣ ማለትም ውሻዋ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት፣ ካለፈ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ያረገዘችውም ሆነ ያላረገዘችው ውሻ ሰውነት ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል። ስለዚህ ባዶ ማኅፀን ያላት ውሻም ጡቷ ሊያብጥ፣ ወተት ሊያግት፣ ጎጆ ለመሥራት መሬት ልትቆፍር ትችላለች። ትክክለኛው መልስ የሚገኘው ቀኑን በመያዝና በተገቢው ቀን ተገቢውን ምርመራ በማድረግ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም ይህንኑ ይከተላል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ያለበት የግድግዳ ካላንደር፣ እስክሪብቶ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ በፊንጢጣ የሚለካ ቴርሞሜትር፣ ቫዝሊንና የእጅ ጓንት ያዘጋጁ። ሚዛን ካገኙ ጥሩ ነው፤ የእህል ሚዛን ያለው ጎረቤት ካለ ይበቃል። ቴርሞሜትሩን ለውሻዋ ብቻ ይለዩት፤ ከልጆች ቴርሞሜትር ጋር አያቀላቅሉት።

በአቅራቢያዎ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ አስቀድመው ይያዙ። በጎጃም ወረዳዎች የሚገኙ የእንስሳት ጤና ኬላዎች ሥራቸው በአብዛኛው በከብት፣ በበግና በጋማ ከብት ላይ ስለሆነ፣ ባለሙያው ውሻ የመመርመር ልምድ እንዳለው በስልክ መጠየቅ ነውር አይደለም። አልትራሳውንድ የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከደጀን፣ ከሞጣ ወይም ከቡሬ ውሻ ጭነው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ከመጓዝዎ በፊት መሣሪያው መኖሩንና ለውሻ የሚሠራ ሰው መገኘቱን ያረጋግጡ።

*ከመንካትዎ በፊት የሚጠነቀቁት።* ውሻዋ ድንገት ጠባይዋ ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት ከነከሰች፣ ለሃጯ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃታት ወይም እግሯ ከተልፈሰፈሰ ሆዷን ለመዳሰስ አይሞክሩ። ይህ የእርግዝና ጠባይ ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከቻሉ ሳይነኳት በር ዘግተውባት ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ። የነከሰችው ሰው ካለ ቁስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር። ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም የሚሄድ ቢሆንም ክትባቱን አያስቀር።

ደረጃ 1፦ የድራቱንና የስሪያውን ቀን ይያዙ

ሁሉም ነገር የሚቆጠረው ከዚህ ቀን ስለሆነ በዚህ ደረጃ አይቸኩሉ።

የድራት የመጀመሪያ ምልክት የብልቷ ከንፈር ማበጥና ደም መሰል ፈሳሽ መታየት ነው። በዚህ ጊዜ የሰፈሩ ወንድ ውሾች አጥርዎ ሥር ማደር ይጀምራሉ፤ እርሷ ግን ታባርራቸዋለች። ይህ በአማካይ 9 ቀን ያህል ይቆያል። ከዚያ በኋላ ፈሳሹ እየሳሳና ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ወንዱ ሲጠጋትም ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ ትቆማለች። ማርገዝ የምትችለው በዚህ ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን እርሱም እንዲሁ በአማካይ 9 ቀን ገደማ ይቆያል፤ ከውሻ ውሻ ግን ብዙ ይለያያል። ደሙ ስለቆመ ድራቱ አልፏል ብሎ በር መክፈት በብዛት የሚታይ ስህተት ነው፤ አደገኛው ጊዜ የሚጀምረው ደሙ ሲሳሳ ነውና።

በካላንደሩ ላይ አራት ቀኖች ይጻፉ፤ ደም የታየበትን የመጀመሪያ ቀን፣ የመጀመሪያውን ስሪያ፣ የመጨረሻውን ስሪያ፣ እንዲሁም ወንዶቹን እንደገና ማባረር የጀመረችበትን ቀን።

ውሾች ከስሪያ በኋላ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ተያይዘው ይቆያሉ። ይህ ተፈጥሯዊ ነው። ድንጋይ መወርወር፣ በዱላ መምታት ወይም ጎትቶ ማላቀቅ ሁለቱንም ክፉኛ ያቆስላቸዋል፤ እርግዝናውንም አያስቀርም፤ የወንዱ ዘር ከዚያ በፊት ገብቷልና። የሰፈሩን ልጆች አስቀድመው ይከልክሉ። ሳይያያዙ ቢለያዩም ማርገዝ ስለምትችል ያንንም ቀን ይጻፉ።

*ቀኑን ካላወቁ።* ግቢው ክፍት ሆኖ ወይም ውሻዋ ከእረኞቹ ጋር ውላ የምትገባ ሆና ስሪያውን ያየ ሰው ከሌለ፣ ወንዶቹ ከአጥርዎ የጠፉበትን ቀን ያስታውሱ፤ ጥበቃውን፣ እረኛውን፣ ጎረቤቱን ይጠይቁ። ሴቷ ወንድ መቀበል ካቆመችበት ቀን ጀምሮ እስከ መውለጃዋ በግምት 57 ቀን ነው። ይህም ካልተገኘ የመጨረሻው ስሪያ ድራቷ ባለቀበት ሰሞን እንደሆነ አድርገው ይያዙና ምርመራውን በ10 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ያስደርጉ።

ደረጃ 2፦ ቀኖቹን በካላንደር ላይ ያስፍሩ

የውሻ እርግዝና እንቁላሏ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሲቆጠር 63 ቀን ያህል ነው። ከስሪያው ቀን ሲቆጠር ግን ከ57 እስከ 72 ቀን ሊደርስ ይችላል፤ የወንዱ ዘር በማኅፀኗ ውስጥ ለብዙ ቀናት ሕያው ሆኖ ሊጠብቅ ስለሚችል የስሪያው ቀንና የፅንሱ ቀን ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም።

በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው፤ 63 ቀን ማለት ሁለት ወር ከሦስት ቀን ነው። ለምሳሌ ስሪያው የተፈጸመው ኅዳር 12 ቀን ከሆነ እንደሚከተለው ይጻፉ።

– ከታኅሣሥ 7 እስከ ታኅሣሥ 17 (ከ25ኛው እስከ 35ኛው ቀን)፦ ሆድ መዳሰሻና አልትራሳውንድ
– ታኅሣሥ 27 (45ኛው ቀን)፦ አጥንታቸው በራጅ መታየት የሚጀምርበት
– ጥር 7 (55ኛው ቀን)፦ በራጅ ቡችሎቹን ለመቁጠር የሚያመች ቀን
– ጥር 9 (57ኛው ቀን)፦ ሙቀት መለካት የሚጀመርበት
– ጥር 15 (63ኛው ቀን)፦ የሚጠበቀው መውለጃ
– ጥር 24 (72ኛው ቀን)፦ የመጨረሻው ገደብ

ክረምት ላይ ከሆነ ጳጉሜንን አይርሱ። ነሐሴ 1 ቀን የተሰረረች ውሻ «ሁለት ወር ከሦስት ቀን» ተብሎ ጥቅምት 4 ቀን ብትጠበቅ፣ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት 63ኛው ቀን መስከረም 29 ላይ ስለሚውል አምስት ቀን ዘግይተው ይደርሳሉ።

ስሪያው ከአንድ ቀን በላይ ከተደጋገመ ለምርመራ ከመጨረሻው ስሪያ፣ ለመውለጃ ዝግጅት ደግሞ ከመጀመሪያው ስሪያ ይቁጠሩ። እንዲህ ካደረጉ ምርመራውን ቀድመው አይደርሱበትም፣ መውለጃውም አያመልጥዎትም።

ደረጃ 3፦ እስከ 24ኛው ቀን ድረስ ይጠብቁ

በእነዚህ ቀናት ምንም ዓይነት የቤት ምርመራ መልስ አይሰጥም። ፅንሱ ከማኅፀኗ ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚዳሰስም የሚታይም ነገር የለም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሴቶች የእርግዝና መመርመሪያ በ24ኛውም ሆነ በ60ኛው ቀን ለውሻ አይሠራም፤ የሚፈልገውን ሆርሞን ውሻ አታመነጭምና። በዚህ ገንዘብዎን አያባክኑ።

ይልቁንም መነሻውን ይለኩ። ጠዋት ከመብላቷ በፊት ሜትሩን ከመጨረሻው ጎድን ኋላ በሆዷ ዙሪያ አዙረው ይለኩና ከክብደቷ ጋር ይጻፉ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ ይድገሙት። ዓይን ይሸነግላል፤ በተለይ በየቀኑ የሚያያትን ሰው።

*በዚህ ጊዜ የማይሰጡት ነገር።* ለከብት ተገዝቶ ቤት የተቀመጠ አልቤንዳዞል፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ዴክሳሜታዞን ልታረግዝ ለምትችል ውሻ አይስጡ። የመጀመሪያው ፅንሱ እንዳይስተካከል ሊያደርግ፣ ሁለተኛው የቡችሎቹን አጥንትና ጥርስ ሊጎዳ፣ ሦስተኛው ሊያስወርድ ይችላል። እርግዝናውን ካልፈለጉትም በራስዎ መርፌ አያስወጓት፤ የኤስትሮጅን መርፌም ሆነ የሰው የወሊድ መከላከያ መርፌ ማኅፀኗ መግል እንዲቋጥር ሊያደርግ ይችላል። ያልተፈለገ እርግዝና ሲኖር ከእንስሳት ሐኪም ጋር ስለ ማምከን ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይሻላል።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ምግብ ብትቀንስ ወይም አንድ ሁለት ጊዜ ብታስመልስ ይመዝግቡት፤ ማስረጃ ግን አያድርጉት። የጾም ወቅት ከሆነ ይህ ምልክት ጭራሽ ዋጋ የለውም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን የቤቱ ትርፍራፊ ስለሚሳሳ ያላረገዘችውም ውሻ ትከሳለች፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ አጥንትና ሥጋ በአንድ ቀን ስለሚበዛላት የሁሉም ሆድ ይነፋል። በፋሲካ ሳምንት የተለካ ሆድ አይቁጠሩ።

ደረጃ 4፦ ከ25ኛው እስከ 35ኛው ቀን ሆዷን ይዳስሱ

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችለው ብቸኛው አስተማማኝ ምርመራ ይህ ሲሆን በትክክል የሚያገለግለውም በእነዚህ ቀናት ብቻ ነው። የተሻለው ከ28ኛው እስከ 30ኛው ቀን ያለው ነው። ብዙ ሰው የማይሳካለት በ15ኛው ወይም በ42ኛው ቀን ስለሚሞክር ነው። ሞክረው የማያውቁ ከሆነ የመጀመሪያውን ጊዜ ባለሙያ እንዲያሳይዎ ያድርጉ።

1. ጠዋት፣ ከመብላቷ በፊትና ከሸናች በኋላ ይጀምሩ። የሞላ ፊኛና የሞላ ጨጓራ ሁለቱም ያሳስታሉ።

2. የምታምነው ሰው ከፊቷ ሆኖ አንገቷን ይያዝላት። ታስራ የምትውል የግቢ ጠባቂ ከሆነች ለስላሳ ጨርቅ አፏ ላይ ጠምጥመው ከጆሮዋ ኋላ ይሰሩት። ከተጨነቀች ወይም የምታስመልስ ከሆነ ግን አፏን አይሰሩ፤ ምርመራውንም ለሌላ ቀን ይተዉት።

3. በአራት እግሯ እንደቆመች ከጎኗ ወይም ከኋላዋ ይንበርከኩ። መዳፎችዎን ከመጨረሻው ጎድን ኋላ በሆዷ ግራና ቀኝ በዝርግ ያሳርፉ። ሆዷን ካጠነከረች አይጫኑ፤ ትንፋሿን አውጥታ እስክትለቀው ድረስ እጅዎን ሳያነሡ ይቆዩ። በዚህ እርምጃ ላይ ትዕግሥት ያጣ ሰው ቀሪውን ባይጀምረው ይመረጣል።

4. ጣቶችዎን በቀስታ ወደ መሐል ያቀራርቡና ወደ ኋላ እግሯ አቅጣጫ ያንሸራትቱ። አንጀቷ ለስላሳ ሆኖ በጣቶችዎ መሐል ያልፋል። ካረገዘች ከሆዷ መካከል ዝቅ ብሎ እንደ መቁጠሪያ የተከታተሉ፣ ክብና ጠንከር ያሉ፣ በየመካከላቸው ክፍተት ያላቸው ነገሮች ያገኛሉ። በ30ኛው ቀን ገደማ መካከለኛ ቁመት ባላት ውሻ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖራቸዋል።

5. ካገኙ በኋላ እጅዎን ያንሡ። ቁጥራቸውን ለማወቅ እየተጫኑ አይፈልጉ፤ መቆንጠጥ ፅንሱን ይጎዳል፣ ቁጥሩም በዚህ መንገድ ልክ አይሆንም። ምርመራው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይውሰድ፤ በየቀኑም አይደጋገም።

*ዓይነ ምድር ሲያሳስት።* በአንጀቷ ውስጥ የተጠራቀመ ዓይነ ምድርም ተከታታይ ሆኖ ይዳሰሳል። ልዩነቱ ዓይነ ምድሩ ወደ ጀርባ አጥንቷ ቀረብ ብሎ ከፍ ያለ መሆኑና ሲነኩት ቅርጹን መለወጡ ነው። ከተጠራጠሩ ከተጸዳዳች በኋላ በማግስቱ ይድገሙት።

*ምንም ካላገኙ።* «አላረገዘችም» ብለው አይደምድሙ። የወፈረች፣ ሆዷን የምታጠነክር፣ ወይም አንድና ሁለት ፅንስ ብቻ ከጎድኗ ሥር የያዘች ውሻ ለሠለጠነ እጅም ታስቸግራለች። መዳሰስ «አዎ» ሲል በአብዛኛው ይታመናል፤ «አይ» ሲል ግን ወደሚቀጥለው ደረጃ ያሳልፋል። ከ35ኛው ቀን በኋላ ፅንሶቹ ያሉባቸው ከረጢቶች ውኃ ሞልተው ስለሚራዘሙና ስለሚገናኙ ክፍተቱ ይጠፋል፤ እጅ የሚያገኘው ለስላሳ ቱቦ ብቻ ይሆናል። ቀኑ ካለፈብዎት መዳሰሱን ይተዉት።

ደረጃ 5፦ በክሊኒክ ያረጋግጡ

አልትራሳውንድ ከ25ኛው ቀን ጀምሮ የፅንሱን የልብ ምት ያሳያል፤ ከመጨረሻው ስሪያ 30 ቀን ጠብቆ መሄድ ደግሞ የተሻለ እርግጠኛ ያደርጋል። መኖራቸውንና ሕይወት ያላቸው መሆኑን ይነግራል፤ ቁጥራቸውን በትክክል ይነግራል ብለው ግን አይጠብቁ። ለቁጥር ከ55ኛው ቀን በኋላ የሚነሣ ራጅ ይበልጣል።

ሬላክሲን የተባለውን ሆርሞን የሚፈልግ የደም ምርመራም አለ፤ ይህ ሆርሞን የሚመነጨው ከእንግዴ ልጁ ስለሆነ የሐሰት እርግዝናን ይለያል። ከ25ኛው እስከ 30ኛው ቀን ባለው ጊዜ ተመርምራ ውጤቱ ነጋቲቭ ከሆነ ከአንድ ሳምንት በኋላ ይደገማል። የፕሮጄስትሮን ምርመራ እርግዝናን ለማረጋገጥ ቢታዘዝልዎ ግን ለምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ በመግቢያው እንደተባለው ይህ ሆርሞን በሁለቱም ከፍ ይላልና።

በ28ኛው ቀን ታይተው የነበሩ ፅንሶች በኋላ ቢጠፉ ምርመራው ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት የሞተ ፅንስ ወደ ሰውነቷ ተመልሶ ሊሟሟ ይችላል። ከዚያ በኋላ ከሆነ ያስወርዳታል። የወጣውን ነገር በባዶ እጅ አይንኩ፤ በጓንት አንሥተው ለሐኪሙ ያሳዩ።

ደረጃ 6፦ ከ35ኛው ቀን በኋላ ምልክቶቹን በቅደም ተከተል ይከታተሉ

አሁን ሆድና ጡት ይመዝናሉ፤ ከቀኑ ጋር ሲገጥሙ ብቻ። የጡቷ ጫፎች በ30ኛው ቀን አካባቢ ቀልተውና ጎላ ብለው ይታያሉ። በዚያው ሰሞን ከብልቷ ንጹሕና ዝልግልግ ያለ ጥቂት ፈሳሽ ሊወጣ ይችላል። ሆዷ ከ40ኛው እስከ 45ኛው ቀን ባለው ጊዜ መስፋት ይጀምራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች ወይም አንድ ቡችላ ብቻ የያዘች ውሻ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ላያስታውቅባት ይችላል። ከ50ኛው ቀን በኋላ ተኝታ ሳለች መዳፍዎን ሳይጫኑ ጎኗ ላይ ቢያሳርፉ ቡችሎቹ ሲንቀሳቀሱ ይሰማዎታል። ወተት በብዛት የሚታየው በመጨረሻው ሳምንት ነው።

በየሳምንቱ የጻፉትን የሜትር ልኬት እዚህ ላይ ያውጡት። ያረገዘች ውሻ ልኬት ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ ይጨምራል። ልኬቱ ቆሞ ጡቷ ብቻ ካበጠ የሐሰት እርግዝና ይጠርጥሩ።

ምግቧን እስከ አምስተኛው ሳምንት አይጨምሩ። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምሩና በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍለው ይስጡ፤ ሆዷ በቡችላ ስለሚጣበብ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት አትችልም። የወጥ ትርፍ፣ ሽሮም ቢሆን፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ እንጀራውን ከወጡ ለይተው ከተቀቀለ እንቁላል ወይም ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ይስጧት። እናንተ ጾም ላይ ብትሆኑም እርሷን አታስጹሟት። የካልሲየም ክኒን በእርግዝና ጊዜ አይስጡ፤ ከወለደች በኋላ ካልሲየሟ ድንገት ወርዶ እንድትንቀጠቀጥ ሊያደርግ ይችላል።

ደረጃ 7፦ እርግዝና የሚመስሉ ሌሎች ነገሮችን ይለዩ

*የሐሰት እርግዝና።* ድራቷ ካለፈ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጡቷ ያብጣል፣ ወተት ይወጣታል፣ አሮጌ ጫማ ወይም ጨርቅ አቅፋ ትተኛለች፣ ሊወስድባት የመጣን ትነክሳለች። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት በራሱ ይጠፋል። ጡቷን አይለቡ፤ ማለብ ወተቱን ያበዛዋል። ጡቷ ከጠነከረ፣ ከቀላና ካተኮሳት ግን ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

*የማኅፀን መግል።* ከሁሉም የሚፈራው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ድራት ካለፈ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ማለትም እርግዝና በሚጠበቅበት በዚያው ወቅት ይመጣል፤ ሆድም ያሳብጣል። ውሻዋ አብዝታ ውኃ ከጠጣች፣ አብዝታ ከሸናች፣ ምግብ ከተወች፣ ካስመለሰች፣ ከደከመች፣ ወይም ከብልቷ መግልና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ። የማኅፀኗ በር ከተዘጋ ፈሳሹ ላይወጣ ይችላል፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ያረገዘች ውሻ ትደክም ይሆናል እንጂ ታማ አትተኛም። በዕድሜ የገፋች ውሻ ካለችዎት ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

*የአባለዘር ዕጢ።* በነፃነት የሚዞሩ ውሾች በስሪያ የሚያስተላልፉት ዕጢ አለ። ድራቷ ካለቀ በኋላም ከብልቷ ደም መንጠባጠቡ ካላቆመ፣ ወይም በብልቷ ውስጥ ቀይና አበባ ጎመን የሚመስል ሥጋ ከታየ፣ ድራቷ ረዘመ ብለው አይጠብቁ። በሕክምና የሚድን በሽታ ስለሆነ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

*ሌላ የሆድ እብጠት።* ሆዷ ተነፍቶ ጀርባዋና ጎድኗ ከከሳ፣ ድዷም ከነጣ፣ የአንጀት ትል ወይም በሆዷ ውኃ መቋጠር ሊሆን ይችላል። ውፍረት ሲሆን ደግሞ ጎድኗም ጀርባዋም አብረው ይሸፈናሉ፤ ሆዷ ብቻውን አይወርድም።

ደረጃ 8፦ ከ57ኛው ቀን ጀምሮ ሙቀቷን ይለኩ

ቴርሞሜትሩን ቫዝሊን ቀብተው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በፊንጢጣዋ ያስገቡ፤ ጠዋትና ማታ ለክተው ይጻፉ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ37.2 በታች ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከለኩ መውረዱ ሊያመልጥዎት ይችላል።

መውለጃዋን ከነፋስና ከእግር መንገድ ራቅ ባለ ጥግ፣ ደረቅ ገለባ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ አንጥፈው ያዘጋጁ። በጮቄ ዙሪያ ባሉት ደጋ ቀበሌዎች ሌሊቱ ስለሚበርድ ቡችሎቹ መሬት ላይ ከተወለዱ በብርድ ይሞታሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀታቸውን ራሳቸው መጠበቅ አይችሉምና።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሳይዘገዩ ሐኪም ይጥሩ፦

– አንድም ቡችላ ሳይወለድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከወጣ፤
– ለግማሽ ሰዓት ያህል በኃይል አምጣ ቡችላ ካልመጣ፤
– ሌላ ቡችላ እንዳለ እየታወቀ ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ፤
– ሙቀቷ ከወረደ 24 ሰዓት አልፎ ምጥ ካልጀመረ።

ቡችላው በምን ሁኔታ እንደተኛ ሳይመረመር የማማጫ መርፌ፣ ማለትም ኦክሲቶሲን፣ እንዲወጉላት አይፍቀዱ፤ የተጋደመ ቡችላ ካለ ማኅፀኗ ሊቀደድ ይችላል።

*ገደቡ ካለፈ።* 72ኛው ቀን ደርሶ ካልወለደች፣ በደረጃ 4 ወይም 5 መኖራቸው የተረጋገጠ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ይውሰዷት፤ ከ65ኛው ቀን በኋላም ቢሆን አስቀድሞ መደወል ይገባል። ምንም ማረጋገጫ ሳይኖር የቀረ ከሆነና ውሻዋ ምግቧን እየበላች፣ እየተጫወተች ካለች አላረገዘችም ማለት ነው። የሚቀጥለው ድራቷ በአብዛኛው ካለፈው ከ6 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ወሩን አሁኑኑ በካላንደሩ ላይ ይጻፉት፤ የእብድ ውሻ ክትባቷም ከዚያ በፊት እንዲሰጣት ቀን ያስይዙ።